ቢጫዎቹ ድንጋዮች

ባልደረቦቹ «ውሃ ልክ» ይሉታል፤ ሃያ ዓመት ድንጋይ ሲያነጥፍ አንድም ቀን አዛንፎ ስለማያውቅ። የመሃል ከተማው ጎዳና ታድሶ የመኪናው መንገድ ጠበብ፣ የእግረኛውና የብስክሌቱ ሰፋ ሲደረግ፣ ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው ቢጫ ድንጋይ ለእሱ ተሰጠ። ድንጋዩ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ረጃጅም መስመር አለው፣ ሌላው ክብ ክብ ጉብታ። የቱ የት እንደሚገባ ፕላኑ ላይ ተጽፏል። እሱ ግን ድንጋይ ለማንጠፍ ወረቀት ማየትን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ዜብራው መስመር ስለሆነ ባለ መስመሩን ዜብራው አፍ ላይ ደረደረው። እውነት ለመናገር፣ ሲያዩት ያምር ነበር።

መንገዱ በሚከፈትበት ዕለት ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ የተረፉትን ሁለት ድንጋዮች ለታላቅ እህቱ አቀበላት። እህቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ማየት አትችልም።

«ይሄ ክብ ክቡ ‹ቁም› ነው፣ አስፋልቱ ጫፍ ላይ የሚሆነው» አለች እየዳሰሰች። «ይሄ ባለ መስመሩ ደግሞ ‹ሂድ› ነው።»

«እትዬ፣ ተምታቶብሽ እንዳይሆን?»

«በእግሬ የማነበውን ነው የሚምታታብኝ?»

የጎረሰውን ሳይጨርስ ብድግ አለ። ያነጠፈው ስምንት የመንገድ ማዕዘን ላይ ነው፣ ስምንቱም ተገላቢጦሽ።

«ዛሬ ከቤት እንዳትወጪ» ብሏት እግሬ አውጪኝ አለ። መንገድ ላይ ግን አንድ ሐሳብ ልቡን ወጋው፤ እሱ የራሱን እህት አስቀረ፣ ለሌሎቹ ማን ይንገራቸው?

ሲደርስ ሠራተኞቹ የቆርቆሮውን አጥር ማንሳት ጀምረዋል። መሮና መዶሻውን ይዞ የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ተንበረከከ። ፎርማኑ እየተጣደፈ መጣ።

«አብደሃል እንዴ? ምን እያደረግክ ነው?»

«ገልብጬ ነው ያነጠፍኩት። አጥሩ ይቆይ፣ ሰው ይሞታል።»

ፎርማኑ ካፈርኩ አይመልሰኝ ከሚሉት ወገን ነው። «አይቼ ፈርሜበታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሚቀጥለው ሳምንት ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። አሁን አፍህን ከከፈትክ ግን ሥራህን እርሳው።»

ውሃ ልክ ላፍታ ዝም ማለት አማረው፤ አልደብቃችሁም። ሃያ ዓመት የለፋበት ስም ነው። ደግሞም አጥሩ ተነስቶ ሰው ሁሉ መንገዱን እያደነቀ ነበር፤ ብስክሌተኞች ደወላቸውን እያቃጨሉ ያልፋሉ፣ እናቶች ጋሪ ይገፋሉ። መዶሻው እጁ ላይ ከበደው።

ያን ጊዜ ነጭ በትር የያዙ አንድ ሽማግሌ መጡ። ቢጫውን ድንጋይ በጫማቸው እየዳበሱ፣ ቀጥ ብለው፣ ሳይፈሩ ነው የሚራመዱት። ዜብራው አፍ ላይ ደረሱ። እግራቸው መስመሩን አገኘ፣ አልቆሙም። ከግራ አውቶቡስ እየመጣ ነበር።

ውሃ ልክ መዶሻውን ጥሎ ዘለለና ኮታቸውን ጨምድዶ ወደ ኋላ ሳባቸው። አውቶቡሱ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። ነፋሱ ፊታቸውን መታው።

«ልቀቀኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው። «ድንጋዩ ሂድ ብሎኛል።»

«አባቴ፣ ድንጋዩ ተሳስቷል። ያነጠፍኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ፎርማኑ እየሰማ።

ሽማግሌው ድንጋዩን በበትራቸው መታ መታ አደረጉ።

«እዚህ ብቻ ነው?»

«ስምንት ቦታ ነው።»

«የቀሩት ሰባቱ ላይስ ሰው ለመያዝ ማን ቆሟል?»