ባሌና የሞጣው ጓደኛው

ቅናት አላውቅም የምትል ሴት ስታጋጥመኝ ባሏ ወታደር እንዳልሆነ ወዲያው ይገባኛል። የእኔ ባል ወታደር ነው። ሲደውል «ደኅና ነኝ» ይላል። «የት ነህ?» ስለው «ያው እዚሁ» ይላል። እዚህ ቢቸና ጎረቤቴ የሆነችው የሹፌር ሚስት ግን ባሏ የት እንዳደረ፣ ምን እንደበላ፣ ከየትኛው ትራፊክ ጋር እንደተጨቃጨቀ በስልክ ስትሰማ ውላ፣ ማታ መጥታ ለእኔ ትደግምልኛለች። አንጀቴ ያርራል።

ይባስ ብሎ የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነው። ማንም ሰው ሐሳቡን በነጻነት የመግለጽ መብት አለው እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እውላለሁ።

«ሕገ መንግሥቱ እኮ ይፈቅድልሃል» አልኩት አንዴ በፈቃድ ቤት መጥቶ።

«ዩኒፎርሙ አይፈቅድልኝም» አለኝ። የት እንደዘመቱ፣ ማን እንደተጎዳ፣ ስለ መንግሥት ምን እንደሚያስብ ለጋዜጠኛም፣ በፌስቡክም፣ ለዘመድም መናገር በወታደራዊ ፍርድ ቤት ያስጠይቃል።

«ሚስትም እንደ ዘመድ ናት?»

«ሚስት ጎረቤት አላት።»

የሹፌሩን ሚስት ማለቱ ነው። እውነቱን ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ።

የጽዋ ማኅበራችን ሽማግሌ «እስቲ አንተ ልጅ፣ ያየኸውን አጫውተና» ቢሉትም «አባቴ፣ እርስዎ ይጫወቱ፣ እኔ ልስማ» አላቸው። «ዝም አይነቅዝም፣ ተባረክ!» ብለው መረቁት። ማኅበርተኛው ሁሉ አመሰገነው። ያንን የማይነቅዝ ዝምታ ቤቴ ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ።

በፈቃድ በመጣ ቁጥር ታዲያ አንዱን ቀን ሞጣ ይውላል። አብሮት የዘመተ፣ እግሩን ተመትቶ ከሠራዊቱ የተሰናበተ ጓደኛ አለው፤ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ ነው። ባሌ ከዚያ ሲመለስ «ጠግቤያለሁ» እያለ መሶቡን ይገፋል። እኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም። ታዲያ ማን አጠገበው? ሴት አለች አልኩ።

ባለፈው ፈቃዱ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን፣ በቀጣዩ ሚኒባስ ተከተልኩት። የጓደኛውን የጨርቅ ሱቅ ጠይቄ አገኘሁና ከማዶ ቆሜ አየኋቸው። ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር፣ በመካከላቸው አንድ ሰፌድ ቆሎ። አንዱ ይዘግናል፣ ቀጥሎ ሌላው ይዘግናል። ቃል አይወጣቸውም። የጭነት መኪና በር በኃይል ሲዘጋ ሁለቱም እኩል ደንግጠው ዞሩ፣ ከዚያ ተያይተው ሳቁ። ባሌ ቤቴ ውስጥ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሴት ከሆነች ፀጉሯን ይዤ እገላገላለሁ፤ ከዚህ ሰው ጋር በምን ልጣላ?

ጓደኛው አየኝና እያነከሰ ተነሣ። «ውይ እኅቴ! ነይ፣ ነይ ተቀመጪ!» ብሎ የራሱን ቦታ ለቀቀልኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ሁለቱም ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ለእኔ ብለው ነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኩት።

«ለእሱም አትነግረውም?»

«ለእሱ ምን ይነገራል?» አለኝ በመስኮቱ እያየ። «አብረን ነበርን እኮ።»

ሕጉ ነገ ቢሻርና አፉ ቢፈታ እንኳ እኔ ሰሚ ነኝ። እዚያ አልነበርኩም። ይህን ሳስብ ከሞጣ ቢቸና መንገዱ አላልቅ አለኝ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገብስ ቆላሁ። በሰፌድ አድርጌ ደጃፋችን ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ሰፌዱንም በመካከላችን አኖርኩት። ዘገንኩ፣ ዘገነ። ዝም አልኩ፣ ዝም አለ። ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ፊቴን አየና «ምነው?» አለኝ። «ተጣላን እንዴ?»