አባቴ በየቀኑ የቀመሳት ጉንጭ

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት የልጄን የቤዛን አልጋ ላነጥፍ ትራሷን ባነሳ አንድ የውሃ ፕላስቲክ አገኘሁ፤ ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ያ ሽታ ወጣ። እርጥብ አፈር አፈር ይላል፣ ከኋላው ግን እንደቆየ ወተት የሚጎመዝዝ ነገር አለው፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎት እንኳ ወዲያው ለየሁት። ጠርቼ ስጠይቃት፣ ለጨጓራዋ ብላ ከመርካቶ ገዝታ፣ በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ አንዳንድ ጉንጭ እየጠጣች ወር እንዳለፋት እንደ ቀላል ነገር ነገረችኝ። «ሥር እኮ ነው እማ፣ የተፈጥሮ ነው» አለች። እጇን ይዤ ወደ መስኮቱ ወስጄ የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳብ ባደርገው ነጩ ቢጫ ሆኗል። ያንን ቢጫ ከዚያ በፊት ያየሁት በአባቴ ዓይን ላይ ነበር።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ጥግ ላይ ሸራ ወጥሮ ሥራ ሥርና ቅጠል ይሸጥ ነበር። ኮሶውም፣ ግራዋውም፣ ጤና አዳሙም ነበረው፤ ሰው የሚፈልገው ግን ለሆድ ሕመም የሚሰጣትን አንዲት ሥር ነበር፣ ደርቃ ስትመጣ የከሰለ ጣት የምትመስለውን። ስሟን ለእናቴ እንኳ አልነገራትም፤ የመድኃኒት ስም አደባባይ ከወጣ ኃይሉ ይሄዳል ብሎ ያምን ነበር። ማታ ዘፍዝፏት ያደረችበትን ውሃ ጠዋት በጆግ ይዞ ይቀመጥና፣ በሽተኛ በመጣ ቁጥር በቆርቆሮ ኩባያ ቀድቶ፣ መጀመሪያ ራሱ አንድ ጉንጭ ተጎንጭቶ፣ አፉን በመዳፉ ጠርጎ ይሰጥ ነበር። በእሱ አገር መድኃኒተኛ ሳይቀምስ አያቀምስም፣ ካልቀመሰ መርዝ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኩባያውን ማለቅለቅ ሥራዬ ነበር። ከጎናችን በርበሬ የሚሸጠው ሸምሱ ታዲያ አላስቀምጥ ይለው ነበር፣ «ጋሼ፣ የዚህን ሁሉ ሰው በሽታ ብቻዎን ጠጥተው ሊጨርሱት ነው?» እያለ፤ አባቴም ይስቅ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ መስከረም እንደጠባ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ ቀጭን ሰው ሸራችን ፊት ቆመ፤ የአገር መድኃኒት የሚመረምር ነበር፣ እኛ ዶክተሩ ነበር የምንለው። ከሥሯ ጥቂት ገዝቶ ስሟን፣ ቅጠሏን፣ አበባዋን፣ የበቀለችበትን አገር ጠየቀ። አባቴ ሥሯን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠውና ሳንቲሙን መቁጠር ያዘ።

«ጋሼ፣ ስም የሌለው ነገር ይዤ ሄጄ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሥር ብለህ ጻፍ።»

ጥር ላይ ፊቱ ፈክቶ ተመለሰ። ሥሯን ፈጭተው፣ በአልኮል ዘፍዝፈው፣ ጭማቂዋን አውጥተው፣ በመስታወት ሳህን ላይ ባራቡት ጀርም ላይ ጠብ ቢያደርጓት፣ ያረፈችበት ቦታ ላይ ያለው ሁሉ መሞቱን ነገረን። አባቴ በዚያ በጋ የኮራውን ኩራት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁበትም፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ሳይንስ መሰከረልኝ ይል ነበር። ወሬው አውቶቡስ ተራ ደርሶ ከክፍለ አገር የሚመጣው መንገደኛ ሳይቀር ከነጓዙ እየመጣ ይሰለፍ ጀመር። በሽተኛው በበዛ ቁጥር የአባቴም ጉንጭ በዛ፣ ይህን ግን ማናችንም ልብ አላልነውም።

ከፋሲካ በኋላ ዶክተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሳቅ አልነበረውም። ከአባቴ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ጭማቂዋን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለአይጥ ሲሰጡ መክረማቸውን፣ ከሳምንታት በኋላ ከፍተው ቢያዩ የአይጦቹ ጉበት ተጎድቶ መገኘቱን በቀስታ ነገረው። የሰው እንደሆነ ገና አይታወቅም፣ ግን ያስፈራኛል አለ። አባቴ ቆጣ ብሎ «አይጥ ሰው ነው? ስንቱ ጠጥቶ ድኖ ሄዷል» አለው።

«ጋሼ፣ እነሱ አንድ ቀን ጠጥተው ይሄዳሉ። እርስዎ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚቀምሱት?»

ሸምሱ እንኳ ያን ቀን አልቀለደም። ዶክተሩ መቅመሱን እንኳ ይተዉ ብሎ ለመነው፤ አባቴ ግን እሱ ያልቀመሰውን ማን ይጠጣለታል፣ ቀምሶ ኖሮ ዛሬ ቢተው ምን ይባላል ብሎ እምቢ አለ። በማግስቱ እንደ ወትሮው ተጎነጨ።

ክረምት ሲገባ ሰውነቱን ማሳከክ፣ እህል ማስጠላት ጀመረው፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በሳ። ዝናቡ ከሸራው እየተንጠባጠበ እኔ ጆጉን በጆንያ ስሸፍን እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ያስመልሰው ነበር። ዓይኑም ቢጫ ሆነ። አንድ ቀን መቅመስ ሲያቅተው ኩባያውን ለእኔ ዘረጋልኝና «አንቺ ቅመሺልኝ፣ አንድ ደም ነን» አለኝ። ሦስት ቀን ቀመስኩለት፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ኩራት ይሰማኝ ነበር። በአራተኛው ቀን እናቴ ምሳውን ይዛ ስትመጣ ኩባያው ከንፈሬ ላይ ነበር። ሳህኑን መሬት አስቀምጣ፣ ኩባያውን ከእጄ ወስዳ፣ በተሰለፈው በሽተኛ ፊት ደፋችው።

«አንድ ይበቃኛል» አለችው።

አባቴ ቀና ብሎ አላያትም። የዚያኑ ዕለት ሸራው ተጠቀለለ። አደይ ሳይፈነዳ ሞተ፤ የሥሯን ስም ይዞት ሄደ። ዶክተሩ ለቅሶ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፣ ስለ ሥሯ ግን ዳግም አልጠየቀም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ከእናቴ ጋር ሽንኩርት መቸርቸር ጀመርኩ።

ያን ጠዋት ታዲያ ቤዛን እንደለበሰችው ታክሲ ውስጥ ከተትኳትና ፕላስቲኩን ጉያዬ ወሽቄ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ የመድኃኒቱን ስም ስትጠይቀኝ «ስሙን አላውቅም፣ አባቴ ደብቆት ነው የሞተው። ሽታውን ግን አውቀዋለሁ» አልኳትና ስለ አይጦቹም ስለ ጉንጩም ሁሉንም ዘረገፍኩላት። የቤዛን ደም መርምራ ጉበቷ መጎዳቱን፣ ግን ቶሎ መምጣታችንን ነገረችኝ። አስተኟት። በየቀኑ ለምርመራ ደም ይቀዳላት ነበር፣ እኔም በየቀኑ የዓይኗን ቆብ ስቤ አይ ነበር።

ሐኪሟ የጠራቻት አንዲት ወጣት ተመራማሪ ደግሞ ፕላስቲኩን ወሰደችና የት እንደሚሸጥ ጠየቀችኝ። አብሬያት መርካቶ ሄድኩ። ከጆንያ ጆንያ እያሸተትኩ ሄጄ አንዱ ላይ ቆምኩ፣ «ይቺ ናት» አልኩ። ሻጩ ጎልማሳ ስሟን አልናገርም አለ። የአባቴን ነገር ስነግረው ግን ቆፍሮ ከሚያመጣለት ሰው ጋር ሊያገናኛት ተስማማ፤ ተመራማሪዋ ሥሯን ከነቅጠሏ ከነአበባዋ ልታመጣት ቆፋሪው አገር ድረስ ልትሄድ ነው። አባቴ ይቀየመኝ ይሆናል። ይቀየመኝ።

ዛሬ መድኃኒቱ በፕላስቲክ ይሸጣል፣ የሸጠውም አይቀምስ፣ የገዛውም ቅመስልኝ አይል። ያኔ የሚቀምስ ነበር፣ የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ የሚያውቀውም ሲመጣ አልሰማነውም። ከመስቀል በኋላ የቤዛ ደም ንጹሕ ነው ተባለ። ዛሬ ጠዋትም አይቻታለሁ፣ ዓይኗ ነጭ ነው። ልጄ ተርፋለች።