የጋሽ መቀስ ሻንጣ

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ተሸክሞ የሚዞረው ጥቁር ጎማ ዞሮ ዞሮ በመጨረሻ ባዶውን ቆመ። የሚስቱ ሻንጣ ገና ድሮ ወጥቶ እግሯ ሥር ተቀምጧል። የእሱ የውሃ ሽታ ሆኗል። ጋሽ መቀስ አንገቱን አስግጎ ሻንጣዎቹ ብቅ ይሉበት በነበረው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ቢያይ ከተንጠለጠለ ላስቲክ በቀር ምንም የለም።

«ትንሽ እንጠብቅ፣ ይመጣል» አለች ሚስቱ።

«በምን ይመጣል? በእግሩ? ጎማው ቆመ እኮ!»

ጋሽ መቀስ የሰፈር ስሙ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ያውም የድሮው ዓይነት። ቤቱ ጠባብ ናት፤ አንድ ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር አንድ መሳቢያ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አንድ አግዳሚ። አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው ሰው ግማሹ ፀጉሩን የሚቆረጥ አይደለም፤ ወሬ ሊሰማ የመጣ ነው። ደንበኛ «ከኋላ ትንሽ ቀነስ፣ ከጎን ደግሞ…» ብሎ ከጀመረ ጋሽ መቀስ አያስጨርሰውም። «አንተ ከኋላህ ዓይን አለህ? ዝም ብለህ ተቀመጥ» ይላል። ሰዎቹም ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። በልጅነታቸው ሣጥን ተነባብሮላቸው ተቀምጠው እያለቀሱ የተቆረጡ ሰዎች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች እየጎተቱ ያመጡለታል።

እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። ታዲያ አንድ ቀን ትልቁ ልጁ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ደንበኛ በተሰበሰበበት፣ «አባዬ፣ በቃህ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከእማዬ ጋር ውጭ አገር ሄዳችሁ፣ ባሕር አይታችሁ ኑ» ብሎ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት ሰጠው። ጋሽ መቀስ ፊቱን የሚጠርግ መስሎ ፎጣ ውስጥ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያችን ወሬ ሳይሰማ አልተነሳም። «ልጅ ማለት ይሄ ነው! የኔ ልጅ!» ይላል። ደንበኞቹም «ይገባሃል ጋሼ፣ ይገባሃል» ይሉታል። ከወትሮው ይልቅ ለስላሳ ሆነውበት ነበር፤ የሚቀልድበት እንኳ ጠፋ። እሱ ቀንተው ነው ብሎ ደስ አለው!

ሻንጣ ሲታሰር ከሚስቱ ጋር የተጣሉበት ነገር ቢኖር አንዲት ጥቅል ናት። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ዓይኑ ሲደክም የሰጠው ምላጭና መቀስ አለ፤ ምላጩ እጀታው ቀንድ ነው፣ መቀሱ አውራ ጣቱ የሚገባበት በኩል ተልጦ ነጭ ሆኗል። እነሱን በፎጣ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተታቸው። ሚስቱ አወጣች። «እረፍት ነው የምትሄደው ወይስ ባሕሩን ልትላጨው?» አለችው። መልሶ ከተታቸው። መልሳ አወጣች። ይህ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ማን እንዳሸነፈ አሁን ሲያስበው ጭራሽ ትዝ አልል አለው።

የጠፋ ሻንጣ ወደሚጠየቅበት መስኮት ሄዱ። አብሯቸው የመጣ አንድ ተሳፋሪ አዝኖላቸው ያስተረጉምላቸው ጀመር። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ወጣት ሻንጣው ምን እንደሚመስል ጠየቀች።

«ሻንጣ ነዋ የሚመስለው!» አለ ጋሽ መቀስ።

«ቡኒ ነው» አለች ሚስቱ ቶሎ ብላ፤ «እጀታው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አስሬበታለሁ።»

ልጅቷ ኮምፒዩተሯን ነካካች፣ ስልክ ደወለች፣ ሰማች፣ ዘጋች። ከዚያ ከወንበሯ ተነሳችና በጎን ባለው በር ዞራ ወጥታ ፊቱ ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኑን እያየች ተናገረች። ተሳፋሪው ተረጎመው፦ «ሻንጣዎ አልመጣም። የት እንዳለም አላወቅንም። ያጠፋነው እኛ ነን፣ ይቅርታ ያድርጉልን።»

«ይቅርታ ይለበሳል?» ብሎ ጮኸባት። «ምን ዓይነት ጉድ ናቸው እነዚህ! ሰው አምኖ ዕቃውን ሲሰጣቸው እንዲህ ያደርጋሉ?» ልጅቷ ተቆጥቶ እስኪጨርስ አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆማ ሰማችው።

ሆቴል ሲደርሱ ያለው የለበሰው ልብስ ብቻ ነው፣ እሱም በላብ ርሷል። ከሆቴሉ ሱቅ በልኩ የተገኘው ሸሚዝ ደረቱ ላይ አንድ ትልቅ ቢጫ ዓሣ የተሳለበት ነበር። ያለ ኮት ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ዓሣ ታቅፎ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ ሳቋ አመለጣት፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ልብሱስ ይቅር፣ ገደል ይግባ» አለ። «ምላጬ ነው አንጀቴን የበላው። አስገብቼዋለሁ ወይስ አውጥተሽዋል?»

«አውጥቼዋለሁ» አለች፣ አፍታም ሳትቆይ። «ለልጅህ ሰጥቼው መሳቢያህ ውስጥ መልሶታል። አሁን አርፈህ ተኛ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እኔ መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

«ተመስገን!» አለና ጋደም አለ።

ተመስገን ይበል እንጂ ልቡ አላረፈም። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ልትታጠብ ስትገባ ስልኩን አንስቶ ለወስፌ ደወለ። ወስፌ ከፀጉር ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ጫማ የሚሰፋ ጎረቤቱ ነው። የፀጉር ቤቱ ትርፍ ቁልፍ ከድሮም እሱ ጋ ነው የሚቀመጠው።

«ኧረ ጋሼ! እንዴት ነው ባሕሩ? ዋኘህ?»

«የምን ዋና ትለኛለህ፣ ሻንጣዬ ጠፍቶ ዓሣ ለብሼ ተቀምጫለሁ! ስማኝ፣ እስቲ ግባና መሳቢያውን ሳብ አድርገህ እይልኝ። ምላጬና መቀሴ በፎጣ ተጠቅልለው መኖር አለባቸው።»

ወስፌ መዶሻውን ሲያስቀምጥ በስልኩ ተሰማ።

«ሰማኸኝ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም» አለ ወስፌ። «ጋሼ… የቱ መሳቢያ?»

«ስንት መሳቢያ አለኝ? ከመስታወቱ ሥር ያለው ነዋ!»

«እሱማ ትናንት ከመስታወቱ ጋር ወጣ እኮ።»

«ወዴት ነው የወጣው?»

«ወንበሩም፣ አግዳሚውም ወጥቷል። ልጆችህ ቤቱን ለአከራዩ አስረከቡት፣ ሌላ ሰው ስልክ ሊጠግንበት ነው።» ድምፁ እየቀነሰ መጣ። «ልጅህ አልነገረህም እንዴ? ጋሼ፣ ተስማምቷል አሉን እኮ! እጁ ስለደከመ በቃኝ ብሏል፣ ጉዞው መሰናበቻው ነው ብለውን ለትኬቱ ሁላችንም አዋጣን። ደንበኛው በሙሉ አዋጥቷል። እንዲያው በፊቱ አታንሱት፣ ሆዱ ይባባል ስላሉን ነው ዝም ያልንህ…»

ጋሽ መቀስ ስልኩን ምን ብሎ እንደዘጋው አያውቅም።

ታዲያ አንዴ ሲገለጥ ሁሉም ነገር ተራ በተራ ይመጣ ጀመር። ፂሙን በምላጭ ካልተላጨ ቀኑ የማይነጋለት አስተማሪ ስንት ጊዜ «ዛሬ ቸኩያለሁ፣ ፂሙን ተወው» አለው? ልጁን ይዞ የሚመጣው ሹፌር ለምን ነበር «ለሱ ማሽን ይበቃዋል» ማለት የጀመረው? ለካ «ይገባሃል ጋሼ» ሲሉት ይሰናበቱት ኖሯል። እሱ ደግሞ ልጁን እያወደሰ፣ በገዛ እጁ እየቆረጠ ሸኛቸው! አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮው ሹክ የሚለው ይጥፋ?

ሚስቱ ፎጣ ራሷ ላይ ጠምጥማ ወጣች።

«መሳቢያው ወጥቷል» አላት።

የቱ መሳቢያ አላለችም። እጇ ፎጣው ላይ እንዳለ ቀረ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ከአልጋው ማዶ ተቀመጠች። ያኔ ነው የገባው።

«አንቺም?»

«እጅህ…» አለች። «የሰፈራችንን ባለ ሱቅ ጆሮ የቆረጥከው ጊዜ ሰውየው እየደማ መጥቶ ለኔ ነው የነገረኝ። መንገሬን ጋሼ እንዳይሰማ፣ ይከፋዋል አለኝ።»

«አንድ ጆሮ! ያውም ጫፉን! ለአንድ ጆሮ ቤቴን አፈረሳችሁት?»

«አንድ አይደለም። ብዙዎቹ አይነግሩህም እንጂ። ልጆቻችን ፈሩ፣ እኔም ፈራሁ። ማን ደፍሮ ይንገርህ? ትቆጣለህ፣ ትጮሃለህ…»

«ልጩሃ!» አለ፣ ጮኸም። «ቤቱ የኔ፣ እጁ የኔ፣ ጩኸቱ የኔ! ጮሄ ጮሄ ይወጣልኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ራሴ ገብቼ፣ የመጨረሻውን ሰው ራሴ ቆርጬ፣ ፀጉሩን ራሴ ጠርጌ፣ በሬን ራሴ እዘጋ ነበር። ይቺን ነው የነፈጋችሁኝ። አሞኛችሁ ሸኛችሁኝ! እግሬ ሲወጣ ጠብቃችሁ!»

አለቀሰች። ሌላ ጊዜ ስታለቅስ ሆዱ አይችልም ነበር። ያን ቀን ግን ጀርባውን ሰጥቷት በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው እረፍት ምኑ ይወራል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ፣ «ጨው አቀብዪኝ» ከማለት ያለፈ ነገር አይናገሩም። ልጁ ሲደውል እሷ ታነሳለች፤ ወስፌ ነግሮታልና ከአባቱ ጋር አገናኚኝ ለማለት ድፍረት አላገኘም። ጋሽ መቀስ ዓሣውን ለብሶ ብቻውን መንገድ ለመንገድ ይዞራል። አንድ ቀን ዙረቱ አንድ ፀጉር ቤት ደጃፍ አደረሰው። ቆመ። ባለቤቱ እንደ እሱ ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ደንበኛውን ሸኝቶ መጥረጊያ አነሳና መሬት ላይ የወደቀውን ፀጉር ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበ። ጋሽ መቀስን ሲያይ ና ግባ፣ ወንበሩ ክፍት ነው ብሎ በእጁ ጠራው። ጋሽ መቀስ ራሱን ነቀነቀና መንገዱን ቀጠለ። ፊቱን የሚያየው እንዳይኖር ወደ ባሕሩ ዞሮ ሄደ።

ሊመለሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሻንጣው መጣ። የሆቴሉ ሠራተኛ ክፍላቸው ድረስ እየገፋ አመጣላቸው፤ ሰማያዊው ጨርቅ እጀታው ላይ እንደታሰረ ነው። ከፈተው። ከኮቱ ሥር ፎጣው አለ፣ ፎጣው ውስጥ ምላጩና መቀሱ አሉ።

«መሳቢያ ውስጥ ነው ብለሽኝ ነበር» አለ።

«እንድትረጋጋ ብዬ ነው።»

«ሁላችሁም እንድረጋጋ ብላችሁ ነው።»

ኮቱን ለበሰ። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መስታወት ፊት ቆሞ ሳሙናውን አረፋ አደረገና ፊቱን ቀባ፣ ምላጩንም ዘረጋ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። እጁ ተንቀጠቀጠ። አየው፤ በመስታወት ደግሞ ሁለቱም አዩት። በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ያዘና በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ተላጨ። አገጩ ሥር ደማ። ደሙን በፎጣው ጫፍ ጠረገ።

«ልክ ናችሁ» አላት በመስታወቱ ውስጥ እያያት። «እጄ ደክሟል። ይሄን ለማወቅ የሚያስፈልገኝ መስታወት ነበር፤ እሱንም ነቀላችሁት።»

አገራቸው ሲደርሱ ትልቁ ልጁ መውጫው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ፂሙን ሌላ ቦታ ተላጭቷል፣ አባቱ ገና ከሩቅ ነው የለየው። እናቱን ሳመ፣ አባቱን ሲስም ግን ዓይኑ መሬት መሬት ያያል።

«እንኳን ደህና መጣህ አባዬ። ሻንጣው ተገኘ? እሰይ! አምጣው እኔ ልያዝልህ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ጋሽ መቀስ እጀታውን አልለቀቀም።

«ይሄን ሻንጣ ያጠፉት ሰዎች» አለ፣ «አያውቁኝም፣ አላውቃቸውም። ግን ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ ዞራ መጥታ፣ ዓይኔን እያየች ‹ያጠፋነው እኛ ነን› አለችኝ። ጮህኩባት። ጮሄ እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ። የሰው አገር ልጅ፣ ልጄ።»

«አባዬ…»

«ተወው፣ እኔው እይዘዋለሁ» አለና በሚንቀጠቀጥ እጁ ሻንጣውን እየጎተተ ቀድሟቸው ወጣ።