አምስት ታንክ ያላት ባጃጅ

ዓለም ገና ላይ ባትሪ ማለት እኔ ነበርኩ። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ግን ከሰበታ እስከ ቡራዩ ባትሪ የሞተበት ሁሉ አስፋልት ዳር ወዳለችው ቆርቆሮ ቤቴ ነው የሚመጣው። ኢንጂነር የተባለው ሳይቀር። ባትሪ ከቻይና ተነስቶ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ መርካቶ አድሮ ነፍስ የሚዘራው እኔ እጅ ላይ ነው እላለሁ። በወሬ ማን ይችለኛል!

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ በኛ አካባቢ በመብራት የምትሄድ ባጃጅ አንዲት ብቻ ነበረች። የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ናት፤ ኦቦ እንላቸዋለን። መሬታቸው ለፋብሪካ ሲወሰድ በሰጧቸው ካሳ ገዟት። «አሁን የምነዳው መሬቴን ነው» ይሉ ነበር። ሌላ ምንም የላቸውም። ባትሪዎቿን ቻርጅ የማደርገው ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት እሳቸው እየነዱ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ወደ ሰበታ ስንሄድ መንገዱ ተዘግቷል። ልጆቹ ጎማ ያቃጥላሉ። ከሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ አንዳንድ ጠርሙስ ቤንዚን ይቀዳሉ፤ የሰጠ ያልፋል።

«ፋዘር፣ ቤንዚን!»

«ቤንዚና ሂንቀብዱ። ቤንዚን የላትም ልጄ፣ በመብራት ናት።»

«መብራት ለኛ ቤት መች ደረሰና ነው ለባጃጅ!»

አንዱ የሰፈሬ ልጅ አወቀኝ። «አንተ ቀልደኛ፣ እውነታቸውን ነው?»

አዎ ብል እዛው ያልቅ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው አፍ አፌን እያየ ነው። እንደዛ ሲያዩኝ አልችልም።

«ውሸታቸውን ነው» አልኩ። «የሌላው ባጃጅ አንድ ታንክ ነው ያለው፣ የኦቦ አምስት! መቀመጫውን አንሱ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ኦቦም ሳቁ፤ ቀልዴን ያውቁታላ። ከዛ መቀመጫው ተነሳ።

አምስቱ ባትሪ ተደርድሯል። አንዱ ነቅነቅ ሲያደርገው ውስጡ ይንቦጫረቃል። «እውነትም!» አለ። ክዳኑን ከፋፍተው፣ አውጥተው ጎማው ላይ ገለበጡት። አሲድ ነው። እሳቱ ጭስስ ብሎ ጠፋ፣ የአንዱ እጅ ተላጠ፣ ጭሱ ሁላችንንም አሳለን።

«ሼባው ሸወደን!»

ዱላው ያረፈው ኦቦ ላይ ነው። ጭንቅላታቸውን እንኳን አልሸፈኑም። ባዶ ባትሪዎቹን በጋቢያቸው ይሰበስባሉ፤ ጋቢው እያየሁት ይበሳሳል። እኔን ማንም አልነካኝም።

በማግስቱ ባጃጇን በአህያ አስጎትተው ሱቄ መጡ። ግንባራቸው በጨርቅ ታስሯል፣ ፊታቸው ግን ፈክቷል።

«አከም ቡልቴ፣ የኔ ልጅ? ሞላኋቸው።»

«ምን ሞሉ ኦቦ?»

«ውሃ ነዋ! አንተ ሁሌ ‹ውሃው ቀንሷል› ትለኝ የለ? የፈሰሰው ውሃ ነው። ከምንጭ ቀዳሁላቸው፣ ንጹህ ነው።»

እኛ ባትሪ ቤት አሲዱንም ውሃ ነው የምንለው። ስንቴ ብያቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ግን ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። የሱቄ በር ላይ ደግሞ ሰው ቆሟል። ያለ አሲድ አይሠራም ብል አቃተው ሊሉኝ ነው።

«ጎበዝ ኦቦ!» ብዬ ቻርጀሩን ሰካሁ።

ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከቤት የያዙትን ቆሎ አካፈሉኝ። በላሁ።

አስር ሰዓት ሲሆን ነዱ። ባጃጇ ከሱቄ በር እስከ ጎረቤቴ ጎሚስታው ድረስ ሄደች፣ ቆመች። ቁልፉን አዞሩ። ደግመው አዞሩ።

«ልጄ፣ ሞተች እንዴ?»

«ደክሟት ነው ኦቦ፣ ትንሽ አሳርፏት!»

ጎሚስታው ጎማው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ኦቦ ወረዱ። መሪውን በአንድ እጅ ይዘው፣ ትከሻቸውን አስደግፈው ወደ ሰፈራቸው መግፋት ጀመሩ። ዳገት ነው።

«በርቱ ኦቦ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞር ሳይሉ እጃቸውን አንስተው አመሰገኑኝ።