አራተኛዋ እናት

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ የሚያውቃት በልብስ ሰፊነቷ ነው። ጋዜጣ እየቀደደች፣ በዱቄት ሙጫ እየለወሰች፣ በሽቦ ላይ እየለጠፈች የሰው ራስ እንደምትሠራ የምናውቀው እኔና ባሏ ብቻ ነን። እሱስ ባያውቅ ይሻል ነበር።

እናታችን ስትሞት እኔ ጡት አልጣልኩም። የነበረችንን አንዲት ፎቶ ደግሞ፣ ክፉና ደግ ሳልለይ፣ ይኸው ባሏ በንዴት እሳት ውስጥ ጨመራት። እናቴን አላውቃትም። መልኳ የቀረው እህቴ ጣቶች ላይ ብቻ ነው።

"ሳልረሳት ላሳይሽ" ብላ ጀመረች።

የመጀመሪያዋን እናት ባሏ በቡጢ ጨፈለቃት። ሁለተኛዋን ከእህቴ የፊት ጥርስ ጋር ባንድ ቀን ሰበራት። ሦስተኛዋን እንደ ኳስ ለጋት፤ ጣሪያ ነክታ ስትመለስ ሳቀ፣ ከዚያ ወዲህ እርግጫ ወደደ። ይህ ሰው ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ ቤት አይገባም። ወለሉ እንዲቆሽሽበት አይፈልግም። ለደም ግን ግድ የለውም።

"እትዬ፣ ተይው በቃ" አልኳት።

"እንዴት አድርጌ? አፍንጫዋ እየጠፋብኝ ነው እኮ!"

አራተኛዋን ስትሠራ ግንበኛው ጎረቤታችን ሲሚንቶ ሰጣት። ከነትከሻዋ ውስጧን በሲሚንቶና በዛገ ሚስማር ሞላነው፤ ላይዋን እንደ ወትሮው ጋዜጣ አለበስናት። እህቴ ፊቷን እስክትጨርስ እንዳላይ ከለከለችኝ፤ እሷ በጨርቅ ከሸፈነቻት በኋላ ለሁለት ጎትተን በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጥናት።

ቅዳሜ ለምሳ መጣ። ጫማውን አወለቀ።

"አሁንም ይቺን አሮጊት ጎልተሻታል?" አለና መጀመሪያ እህቴን በጥፊ ከግድግዳው አላተማት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ተንደርድሮ ለጋ።

ቀጭ ሲል ሰማሁ። እናቴ ንቅንቅ አላለችም። እሱ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ "ወይኔ እናቴ! እናቴ ድረሽልኝ!" እያለ ይጮኻል፤ የአውራ ጣቱ አጥንት ነጭ ሆኖ ወጥቷል። የእጁን ይስጠው ይባላል፣ የእግሩን ሰጠው። አላዘንኩም፣ አልዋሽም።

እህቴ ከንፈሯን በእጇ ጠርጋ "ያዣት በዚያ በኩል" አለችኝ።

ለሁለት አንስተናት፣ እሱን ተሻግረን ወጣን። ወገባችን ሊቆረጥ ሲል መንገድ ዳር አወረድናት። ጨርቁን ገለጥኩ። በጨርቁ አልፎ ጉንጯን የነካውን ደሙን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩላት።

አፍንጫዋ የእኔ አፍንጫ ነው።