ባለሙያው ያስገዘተው ባሕር ዛፍ

ችግኝ ማፍላት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴን ነው ያስተማርኩት፣ ጎበዝ ተማሪም ነበርኩ። ቦንጋ ዙሪያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዶቅማ የሚባለውን አገር በቀል ዛፍ ካያችሁ ግማሹን የተከልኩት እኔ ነኝ። የቀረውን እግዜር ተክሎት ይሆናል።

ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ተጠራን። ከግብርና ቢሮ የመጣው ባለሙያ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ምንጭ ዙሪያ ባሕር ዛፍ እንትከል አለ፤ ቶሎ ስለሚያድግ ለሪፖርት ያምራል። እኔ ተነስቼ ባሕር ዛፍ ምንጩን ይጠጣዋል፣ ዶቅማ ይሻላል አልኩ። በቄሱና በሽማግሌዎቹ ፊት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?" አለኝ። ሰው ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ስገባ ግን ያንን ሳቅ እንደ ችግኝ ዳስ ሠራሁለት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት።

ባሕር ዛፉ ተተከለ። ሰው እየነቀለ ወደ ጓሮው ሲወስድበት ባለሙያው ቄሱን ለምኖ አስገዘተ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ፣ ከዚህ ቦታ ባሕር ዛፍ የነቀለም የቆረጠም የተገዘተ ይሁን ሲሉ ከኋላ ሆኜ አሜን አልኩ። እንደዚያ የጣፈጠኝ አሜን የለም።

ሁለት በጋ አለፈ፣ ምንጩ ቀጠነ። ባሕር ዛፉ ይነቀል የሚል ደብዳቤ ከቢሮ መጣ፤ አስነቃዩም ራሱ ባለሙያው ሆነ። የቀን ሠራተኞቹ ግዝት አለበት ብለው ዶማቸውን ይዘው ተመለሱ። የፕሮቴስታንት ጎረምሶች አመጣ፤ እነሱም የጎረቤት ግዝት አንነካም አሉ። ዶማ የሸጠለት ሙስሊም ባለሱቅ እንኳ፣ ዶማው ካልሠራልህ እቀይርልሃለሁ፣ ግዝቱን ግን ከኔ አልወሰድከውም አለው አሉ።

ባለሙያው ቄሱ ዘንድ ሄደ። እፈታልሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን እዚህ ቦታ ካዋረድከው ሰው ጋር ታረቅ አሉት።

ደጄ ላይ ቆሞ "ጋሼ" ሲለኝ ዘር እየለቀምኩ ነበር። እስክጨርስ አቆምኩት። ከዚያ ሥራ በዝቶብኛል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ና አልኩት። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ምን እደብቃለሁ፣ እነዚያን ቀናት ምግብ ሁሉ ይጣፍጠኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከምንጩ የሚቀዱ አንዲት እናት መጥተው ባዶ ጀሪካናቸውን ደጄ ላይ አስቀመጡ። "ልጄ፣ አንተ ጠገብክ፤ እኛ ጠማን" አሉኝ። ያን ቀን ማታ ለቄሱ፣ ሰኞ እታረቃለሁ ብዬ ላክሁ።

ሰኞ ጠዋት፣ ያኔ በሳቁት ሰዎች ፊት ታረቅን፤ ቄሱም ግዝቱን ፈቱ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩት፤ ባሕር ዛፉን ራሱ ይነቅላል፣ የዶቅማውን ጉድጓድ ራሱ ይቆፍራል፣ እኔ በዱላ ቦታ አሳያለሁ። ቆፈረ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ።

"ጋሼ፣ ይበቃል?" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ በክንዴ ለካሁት። ጉድጓዱ ይበቃ ነበር። ቄሱም፣ እኚያ እናትም ያዩኝ ነበር።

"ትንሽ ጨምር" አልኩት።