ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞርኩት ቤት

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ፣ ከጅማ ወደ ጎጀብ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉልኝ በዚያ ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ያዋለዱ ሴት ናቸው። ከተማው በሙሉ ሲስተር ነው የሚላቸው። ከዓመት በፊት እዚያ ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ ነድፌ አሠርቼ ነበር፤ ቤታቸው ሩቅ የሆነ እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው ምጡ እስኪመጣ የሚያርፉበት ቤት ነው። ቤቱ እንደሚሞቅ ሲስተር አንድ ጊዜ ነግረውኝ ሁለት ቬንትሌተር ልኬላቸዋለሁ። አሁን ግን ምንም አላማረሩም። «መንገዱን ከቻልሽው ነይና እይው» ብቻ አሉኝ።

ባለቤቴ በዚያ ሆዴ መንገድ መውጣቴን አልወደደውም። ቢሆንም ነጋ ሲል መኪና ለምኖ እሱ ራሱ ወሰደኝ።

የካቲት ነበር። ስንደርስ ሴቶቹን ያገኘኋቸው ደጅ ነው። ፍራሾቻቸውን አውጥተው ማንጎ ዛፍ ሥር አንጥፈው፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር ትሠራለች። እኔ የሠራሁት ቤት ባዶውን ቆሟል። ሲስተር አብረውኝ ምሳ በሉና እጄን ያዙ። «ሜ ኮቱ፣ እስቲ ነይ» ብለው ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ መስኮቱ አጠገብ ያለውን አልጋ አሳዩኝ።

«ተኚ።»

«አሁን?»

«አሁን። አንቺም እንደነሱ ነሽ። ተኝተሽ እይው።»

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። በጎኔ ተጋደምኩ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ መጀመሪያ እግሬ ላይ አረፈች፤ ቀስ እያለች ወደ ሆዴ ወጣች። ጣራው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ ከላይ ያቃጥላል። ጀርባዬን ያስጠጋሁበት የብሎኬት ግድግዳ ግሎ ነበር። ቬንትሌተሩ ይዞራል፤ የሚያመጣው ግን ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ልጄ ሆዴ ውስጥ መገላበጥ ጀመረች። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳልቆይ ተነስቼ ተቀመጥኩ፤ እንባዬ መጣ።

«ሲስተር፣ እንዲህ መሆኑን ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ስነግርሽ ቬንትሌተር ላክሽልኝ» አሉ፣ ላቤን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ከዚያ የቀረውን ነገሩኝ። ጤና ጣቢያው መብራት የሚያገኘው ከሶላር ነው። ሁለቱ ቬንትሌተሮች ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ባትሪውን ይጨርሱታል፤ ሲመሽ ማዋለጃ ክፍሉ ይጨልማል። ሁለት ሕፃናትን በስልክ መብራት ተቀብለዋል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ማንጎው ሥር ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳስብ ስህተቴ ከየት እንደመጣ ገባኝ። የተወለድኩት ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ ነው። ቤታችን መስኮቱ ትንሽ፣ ፊቱም ወደ ምዕራብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትገባበትን ቦታ እናቴ ለታመመና ለአራስ ትለቅ ነበር። ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ አቅጣጫ ጅማ መጥቼ ተምሬ ፈተናም አልፌያለሁ። ለእርጉዞች ቤት ንደፊ ስባል ግን፣ ሳላስበው፣ የማውቀውን ደግ ነገር፣ የምዕራብ ፀሐይን፣ ሰጠኋቸው። ይህንኑ ለሲስተር ነገርኳቸው። «በርዶሽ ነው ያደግሽው የኔ ልጅ» አሉኝ።

የቆመ ቤት አይዞርም። በማግስቱ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ማስተካከያውን መሳል ጀመርኩ። በምዕራብ በኩል ፀሐይዋን የሚከልል ሰፊ በረንዳ፣ ከጣራው ሥር ኮርኒስ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል የሞቀው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ነፋሱ እንዲያልፍ ደግሞ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ወንፊት ያለው ትልቅ መስኮት። ሥራውን ሲስተር በስልክ እየጠየቁኝ አሠሩት። አናጢው የበረንዳውን ጥላ ሊያሳጥር ቢል አልሰሙትም። ከሴቶቹ የአንዷ ባል ከቡና ማሳው የጥላ ዛፍ ችግኝ አምጥቶ ተከለ፤ ቡና ያለ ጥላ እንደማይሆን ለእኛ ማን ይነግረናል ብሎ ሳቀብኝ አሉ።

ሚያዝያ ላይ ጅማ ወለድኩ። ወደዚያ የተመለስኩት በሚቀጥለው ዓመት በጋ፣ ልጄን አዝዬ ነው። ሙቀቱን ልለካ ቴርሞሜትር ይዣለሁ። የዘንድሮዎቹ እርጉዞች ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ አንዷን እንቅልፍ ወስዷታል። ሲስተር ቬንትሌተሩን ከስንት አንዴ ብቻ እንደሚከፍቱት፣ ማዋለጃው መብራትም እስኪነጋ እንደሚቆይ ነገሩኝና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ልጄ ጀርባዬ ላይ መነጫነጭ ስትጀምር አንዲት እርጉዝ አልጋዋ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላትና አስተኛኋት። ቴርሞሜትሩን ከቦርሳዬ ሳላወጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ልጄም ሴትየዋም ተኙ።